በሰው ዓለም ውስጥ የሚጽፍ ደራሲ ሌባ ነውን?



አምና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ታሪክ ጽፌበት፣ በዚህ መጽሔት ይወጣልኝ ዘንድ ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን አቅርቤ ነበር። ታሪኩ «ስታር ዋርስ» የተባለው የጠፈር ፊልም ካለቀበት ቦታ ተነሥቶ የሚቀጥል ነው። ጀግኖቹን እኔ አልፈጠርኋቸውም፤ የሚበሩባቸውንም መንኰራኵሮች እኔ አላሰብኋቸውም። ከፊልሙ መጨረሻ በኋላ ምን እንደ ደረሰባቸው ግን ያሰብሁት እኔ ነኝ። ደብተሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አጻጻፍህ ያስደስታል፤ ታሪኩ ግን የአንተ አይደለም» የሚል ቃል ሰፍሮበታል። ይህን ያነበበ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ነገሩን አሳጠረና «ሌባ!» አለኝ። እርሱ የተናገረው ለቀልድ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ ከዚያች ቃል ጋር እየተሟገትሁ ሄድሁ። ሙግቱም ዓመት ሙሉ ስላላለቀልኝ እነሆ ወደ እናንተ አመጣሁት።

ነገሬን ከሥሩ ለመጀመር ወደ ልጅነቴ ልመለስ። ያደግሁት እዚሁ ቱላ ነው። ከቤታችን አጠገብ አንዲት በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ነበረች፤ ታላቅ ወንድሜ በሯ ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ይቀበል ስለ ነበር እኔ ያለ ክፍያ እገባለሁ። ከሚታዩት ፊልሞች አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ሲሆኑ፣ በላያቸው ላይ አንድ ተርጓሚ የሴቱንም የወንዱንም፣ የሽማግሌውንም የሕፃኑንም ቃል ብቻውን በአማርኛ ይናገራል። ደግሞም ከራሱ ይጨምርበታል። ተዋናዩ ቃል ሳይተነፍስ በር ሲከፍት ተርጓሚው «መጣሁልህ እንግዲህ፤ ዛሬ አልጋ ሥር ብትገባም አልምርህም» ይላል፤ ቤቱም በሣቅ ይሞላል። ያ ሣቅ የማን ሥራ ነበር? የፊልሙ ሠሪ ስም በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፎ አይተናል፤ የተርጓሚውን ስም ግን የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ መክፈያ ላልነበራቸው ልጆች ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምተርከው እኔ ነበርሁ። አማርኛው ያልገባው ሲኖር በሲዳምኛ እደግመዋለሁ። ታሪኩ ሲያልቅ «ከዚያስ?» ይሉኛል። ፊልሙ ከዚያ ወዲያ የለውም፤ ልጆቹ ግን አይነሡም። ስለዚህ ከራሴ እቀጥላለሁ። እንግዲህ ድርሰት የጀመርሁት በዚያች «ከዚያስ?» በምትባል ቃል ነው ማለት እችላለሁ።

ደብተሬ በተመለሰ ሰሞን ከቤተ መጻሕፍታችን ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ፣ በስጦታ ከመጡት መካከል፣ ሽፋኑ የተላጠ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። አርእስቱ «ስታር ዋርስ»፣ ደራሲው ጆርጅ ሉካስ ይላል። ፊልሙን የሠሩት ሚስተር ሉካስ ስለ ሆኑ መጽሐፉንም መጻፋቸው አላስደነቀኝም። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ በአንድ ወር ጨረስሁት። በፊልሙ ላይ የማይታየው የጀግናው የልብ ፍርሃት፣ የበረሃው ሙቀት፣ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያስበው ነገር ሁሉ ተጽፎበታል። በጣም ስለ ወደድሁት ለዚያ «ሌባ» ላለኝ ጓደኛዬ ወስጄ አሳየሁትና «እውነትህን ነው፤ ደራሲ ማለት እንዲህ የገዛ ዓለሙን በገዛ እጁ የሚጽፍ ነው» አልሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ በስልክ ስለ መጽሐፉ ሳነብ የጻፉት ሚስተር ሉካስ እንዳልሆኑ ደረስሁበት። የጻፉት አለን ዲን ፎስተር የሚባሉ ሌላ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ቍጣ ነው። የተታለልሁ መሰለኝ። ዳሩ ግን የኚህን ሰው የሥራ ታሪክ እየተከታተልሁ ስሄድ ቍጣዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ፤ ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ። (የውጭ አገሩን ዘመን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ሚስተር ፎስተር በ1946 በኒውዮርክ ከተማ ተወልደው በሎስ አንጀለስ አደጉ፤ እዚያው ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ የፖለቲካ ሳይንስ፣ ቀጥሎም የሲኒማ ትምህርት ተማሩ። ወደ ድርሰት የገቡበት መንገድ ያስቃል። ላቭክራፍት የተባለውን የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ አጻጻፍ አስመስለው ለአንድ አሳታሚ ረጅም ደብዳቤ ቢልኩለት፣ አሳታሚው ደብዳቤውን እንደ አጭር ልብ ወለድ ቈጥሮ ገዛቸውና በ1971 በመጽሔቱ ላይ አወጣው። የመጀመሪያው እንጀራቸው እንኳ በሰው ምጣድ የተጋገረ ነበር ማለት ነው! በሚቀጥለው ዓመት ግን ፍጹም የራሳቸው የሆነ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ታተመ። ፍሊንክስ የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅና ፒፕ የምትባል ክንፍ ያላት መርዘኛ እባብ መሳይ ጓደኛው በከዋክብት መካከል የሚዞሩበት ዓለም በዚያ መጽሐፍ ተጀመረ። ሚስተር ፎስተር ያን ዓለም ከ40 ዓመት በላይ ሲጽፉበት ኖረዋል።

የራስ ዓለም ግን ብቻውን ቀለብ አይሆንም። ከ1974 እስከ 1978 «ስታር ትሬክ» የተባለውን የካርቱን ፊልም ወደ መጽሐፍ የመመለስ ሥራ ተሰጣቸውና 10 መጻሕፍት ጻፉ። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። እያንዳንዱ ፊልም ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 መጻሕፍት ሦስት ሦስት ፊልም እያጋጠሙ አስገቡ። ከ7ኛው እስከ 10ኛው ባሉት መጻሕፍት ግን ለአንዱ መጽሐፍ አንድ ፊልም ብቻ ደረሰው። ሃያ ደቂቃ የሚሆን ካርቱን እንዴት አድርጎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይሞላል? ፊልሙ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሳቸው ፈጠራ ነው። ይህን ሳነብ ሣቅሁ፤ እኔ ቱላ ውስጥ በቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ስሠራው የነበረው ሥራ ይኸው ነውና። ልዩነቱ ለእርሳቸው መከፈሉ ነው።

ከዚያ ነው «ስታር ዋርስ» የመጣው። መጽሐፉ በኅዳር ወር 1976 ሲታተም ፊልሙ ገና ለሕዝብ አልቀረበም ነበር፤ ፊልሙ የታየው በግንቦት 1977 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ የዓለም ሕፃናት ሁሉ የሚያውቋቸውን ጀግኖች ከሁሉ አስቀድሞ ለአንባቢ ያስተዋወቀው በስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ ነው። በውላቸው መሠረት ሁለተኛም መጽሐፍ ይጠበቅባቸው ነበር። በዚህ ጊዜ የተሰጣቸው ትእዛዝ የተለየ ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም ብዙ ገንዘብ ባያስገባ ታሪኩ በርካሽ ሊቀረጽ የሚችል ይሁን ተባሉ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚፈጸመው ጉም በሸፈናት አንዲት ዓለም ላይ ሆነ፤ ጉም ካለ ብዙ ነገር መሥራት አያሻምና። ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው ሃን ሶሎም በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እርሱን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ለሚቀጥለው ፊልም ገና አልፈረመም ነበር። መጽሐፉ በ1978 ወጣ፤ በዚህኛው ላይ ስማቸው ተጽፏል። ፊልሙ ግን ያንን ያህል ስለ ተሳካ ርካሹ ታሪክ ሳይቀረጽ ቀረ።

በ1979 የወጣው «ኤሊየን» የተባለው አስፈሪ ፊልም ነገርም አይረሳኝም። ሚስተር ፎስተር መጽሐፉን ሲጽፉ የአውሬውን ሥዕል የፊልሙ ባለቤቶች አላሳዩአቸውም። ምሥጢር ነው ተባሉ። ሙሉው ታሪክ የሚዞርበትን አውሬ ሳያዩ ጻፉት! መልኩን በዝርዝር መግለጥ ስለማይችሉም በጨለማ ውስጥ አስቀሩት፤ አንባቢውን የበለጠ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። መምህራችን በሰዋስው ሰዓት «የማታውቁትን አትግለጡ» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። የሦስተኛውን የ«ኤሊየን» ፊልም መጽሐፍ በ1992 ሲጽፉ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ከቀደመው ታሪክ የተረፈችውን ትንሽ ልጅ ፊልሙ በመጀመሪያው ላይ ይገድላታል። እርሳቸው ይህን መሸከም ስላልቻሉ በመጽሐፋቸው ውስጥ ሕይወቷን አተረፉላት። ባለቤቶቹ ግን እምቢ አሉ፤ እንደ ፊልሙ ትሙት ተባለ፤ ሞተችም። አራተኛው ሲመጣ ሚስተር ፎስተር አልጽፍም አሉ።

በሰው ዓለም ውስጥ የሚጽፍ ደራሲ ኑሮ እንዲህ ነው። የሚሰጠው የፊልሙ ጽሑፍ ብቻ ነው። የተዋናዮቹን ፊትና ድምፅ፣ የሙዚቃውንም ኀይል ገና አያገኝም። መጽሐፉ ከፊልሙ ጋር አብሮ ለገበያ እንዲደርስ ስለሚፈለግም ጊዜው አጭር ነው። ማንን ማዳን፣ ማንን መግደል እንደሚችል እንኳ የሚወስንለት ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ችሎ አንባቢን ማስደሰት ቀላል ሙያ ነው የሚል ካለ እስኪ ይሞክረው።

በዚህ ምክንያት በበኩሌ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል እላለሁ። አንደኛው «ዓለሙ የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጽሑፉ የማን ነው?» የሚል ነው። እኛ ሁልጊዜ ሁለቱን ደባልቀን እንናገራለን። እናቴ ከጎረቤት በገዛችው እንሰት ዋሳ ስታዘጋጅ፣ ሲፋቅም ሲጨመቅም ወገቧ የሚጎብጠው የእርሷ ነው፤ ዋሳው የጎረቤት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። እንሰቱን ማን እንደ ተከለው ግን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ እናቴም አልደበቀችም። የ«ስታር ዋርስ» ዓለም የሚስተር ሉካስ ነው፤ ይህን ሚስተር ፎስተርም ክደው አያውቁም። ቃሉን አንድ በአንድ የጻፉት ግን እርሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ከራሳቸው ከሚስተር ፎስተር ጋር አልስማማም። ስማቸው በሽፋኑ ላይ አለመጻፉ ቅር ያሰኛቸው እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ ቅር እንዳላላቸው ተናግረዋል፤ አንድ ታላቅ የሕንፃ መሐንዲስ ያቀደውን ቤት የሠራ ግንበኛ ስሜ በቤቱ ላይ ይጻፍልኝ ብሎ እንደማይጠይቅ ሁሉ እርሳቸውም አልጠየቁም። ትሕትናቸው የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን በሐዋሳ ከተማ ፎቅ ሲሠራ አይቻለሁ፤ በአጥሩ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ አሠሪው፣ አማካሪው፣ ሥራ ተቋራጩም ጭምር በየስማቸው ይጻፋሉ። ቤት እንኳ የሠሪውን ስም ከተሸከመ መጽሐፍ ለምን አይሸከምም? እኔን አንባቢውን ስለ ጐዳኝ እናገራለሁ። መጽሐፉን ወድጄ ላመሰግን የፈለግሁት ሰው ሌላ፣ ያመሰገንሁት ሰው ሌላ ሆነ። ደግነቱ በ2015 «ስታር ዋርስ፦ ዘ ፎርስ አዌክንስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ መጽሐፉን የጻፉት እንደ ገና ሚስተር ፎስተር ሆኑ፤ በዚህ ጊዜ ስማቸው በሽፋኑ ላይ አለ። ከ39 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ስሙን ይቅር ያሉት ሰው ገንዘቡን ግን ይቅር አላሉም፤ ልክም ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኒ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ2012 የሚስተር ሉካስን ድርጅት፣ በ2019 ደግሞ «ኤሊየን»ን የሠራውን የፎክስን ድርጅት ገዛ። ሚስተር ፎስተር በውላቸው መሠረት ከመጻሕፍቱ ሽያጭ ድርሻ ይከፈላቸው ነበር። ከግዢው ወዲህ ግን መጻሕፍቱ እየተሸጡ ክፍያው ቆመ። በኅዳር ወር 2020 የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ጉዳዩን በአደባባይ አወጣው። ሚስተር ፎስተርም ለኩባንያው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤውን የጻፉት «ውድ ሚኪ» ብለው ለአይጡ ነው! ቀልዱ ግን አጭር ነበር። በዚያው ደብዳቤ ባለቤታቸው እንደ ታመሙ፣ እርሳቸውም ከ2016 ጀምሮ ካንሰር እንዳለባቸው፣ ገንዘቡም እንደሚያስፈልጋቸው ገለጡ። ማኅበሩ እንዳስታወቀው የኩባንያው ክርክር መብቱን ገዛን እንጂ ግዴታውን አልገዛንም የሚል ነበር።

ይህን ክርክር ለመረዳት ሕግ መማር አያሻም። በሰፈራችን አንድ ሰው ሱቅ ቢገዛ፣ የሱቁን የዱቤ መዝገብ አውጥቶ «ከናንተ የሚፈለገውን ክፈሉኝ» እያለ፣ ሱቁ ከዱቄት አምጪው የተበደረውን ሲጠየቅ ግን «ያ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? አንድ መዝገብ ነው፤ ገጹን ቀዶ መግዛት አይቻልም። በ2021 ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከ100 በላይ መጻሕፍት የጻፈ፣ የታወቀና ማኅበር ያለው ደራሲ ጮኾ ካገኘው፣ ያልታወቀው እንዴት ያገኛል የሚለው ጥያቄ በልቤ ቀርቷል።

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ለኛ ምናችን ነው ይለኝ ይሆናል። በሰው ዓለም ውስጥ መጻፍ በአገራችንም የቆየ ነው። የታላቁ እስክንድር ታሪክ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ሲመለስ፣ የግዕዙ ጸሐፊ ንጉሡን እንደ ክርስቲያን የሚጸልይ አድርጎ ጻፈው። እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 የሞተ መሆኑ ጸሐፊውን አላስጨነቀውም፤ ባለ ታሪኩን ተዋሰና አንባቢው በሚያውቀው ዓለም ውስጥ አስገባው። የዚያም ጸሐፊ ስም አልደረሰንም።

እኛም በተራችን ተውሰውናል። የእንግሊዙ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ሎቦ የተባለውን የፖርቱጋል መነኵሴ ስለ አገራችን የጻፈውን መጽሐፍ ለአሳታሚ ተርጕሞ ነበር። ኋላም በ1759 እናቱ ሲሞቱበት የቀብሩን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽት «ራሴላስ» የተባለውን የአቢሲንያ ልዑል ታሪክ ጻፈ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። አገራችንን ለልብ ወለዱ በውሰት ወሰዳት፤ (ድርሻም አልከፈለንም!) በኛ ዘመን አያቶች ግን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለሱትና የተወሰደችውን ወደ ቤቷ አመጧት። ለቀብር ወጪ የተጻፈ መጽሐፍ ከ260 ዓመት በላይ ሲነበብ ኖሯል። ስለዚህ ለገንዘብ የተጻፈ ሁሉ ርካሽ ነው የሚሉትን ሰዎች ይህን መጽሐፍ እንዲያስታውሱ እለምናቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ በወገኔ በኩል ያለውንም ድካም መደበቅ አልፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ወጣ። ድርሰትን ለመተርጐምም ሆነ ወደ ሌላ መልክ ለመለወጥ የባለ መብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሚስተር ፎስተር ፈቃድ ነበራቸው፤ እንዲያውም የተጠሩት በባለቤቱ ነው። እኔ ግን አልተጠራሁም። ደብተሬ በመጽሔት ታትሞ ቢሸጥ ኖሮ ጥፋት ነበር። ስለዚህ በቀይ የተጻፈው «ፈቃድ የለህም» የሚል ቢሆን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እቀበለው ነበር። «የአንተ አይደለም» የሚለው ግን ዛሬም አይዋጥልኝም። የደከምሁባቸው ሌሊቶች የማን ነበሩ?

ሌላም አደጋ አለ። በሰው ዓለም ውስጥ መኖር የለመደ የራሱን ቤት ሳይሠራ ሊያረጅ ይችላል። ሚስተር ፎስተር ከዚህ ያመለጡት የሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ስላስኬዱ ይመስለኛል። የካርቱኑን መጻሕፍት በሚጽፉበት ዘመን፣ በ1975፣ መላዋ በግዙፍ ደን ስለ ተሸፈነች ዓለም የሚናገረውን የራሳቸውን መጽሐፍ አወጡ። በ1986 ደግሞ የማሳይ ሽማግሌ ያለበት በምሥራቅ አፍሪካ የሚፈጸም ልብ ወለድ ጽፈዋል። በኛም አገር የራስን ዓለም መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አሳትመው «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን ሲያስከትሉ፣ ታላላቆቻችን በየክፍሉ እየተቀባበሉ አንብበዋቸዋል። «ጀምበር» የተባለውም የኢትዮጵያዊ ጀግና የሥዕል ታሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። እኔም እዚያ ለመድረስ እመኛለሁ። ነገር ግን መዋኘት የሚማር ልጅ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይጀምራል እንጂ መካከሉ ላይ አይጣልም። በሰው ታሪክ ላይ «ከዚያስ?» ብሎ መቀጠል ለኔ ያ ዳር ነው።

እስካሁን ያልተናገርሁት አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱንም መናዘዝ አለብኝ። አምና ደብተሬ ሲመለስ ከእኔ ምንም አልታተመም ማለት አይደለም። በዚያው መጽሔት የተረት ገጽ ላይ በስሜ አንድ ተረት ወጥቶልኝ ነበር፤ የጅብና የቀበሮ ተረት ነው። መምህራን አመስግነውኛል፤ አባቴም መጽሔቱን ለጎረቤት አሳይቷል። ተረቱ ግን የአያቴ ነው። በልጅነቴ እሳት ዳር በሲዳምኛ የነገረችኝን እኔ በአማርኛ ጻፍሁት፤ ከራሴ የጨመርሁት ምናልባት ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስም የእኔ ብቻ ነው። ሌባ ያለኝም ሰው የለም!

ገጹን መለስ ብዬ ባየው ከተረቶቹ አንዱም የተራኪ ስም የለውም። ሁላችንም የእናቶቻችንንና የአያቶቻችንን ታሪክ ወስደን በላዩ ላይ ስማችንን ጽፈናል። በሽፋኑ ላይ ሳይጻፉ ለቀሩት አሜሪካዊ ደራሲ ስቈጣ የቆየሁት እኔ፣ ያንኑ በአያቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ክበባችንን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ በተረት ገጽ ላይ ከጸሐፊው ስም አስቀድሞ «ተራኪ» ተብሎ የነገረን ሰው ስም ይጻፍ። ተማሪ በሌላ ሰው ታሪክ ላይ ተነሥቶ የጻፈውንም፣ ለኅትመት ባይሆን እንኳ፣ በክበቡ ስብሰባ ላይ የመነሻው ባለቤት ስም እየተጠራ ያንብብ፤ እኛም እየሰማን የጨመረውን እናርምለት።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለአያቴ ሄጄ ነገሩን ነገርኋትና ስሟን በመጽሔት ላይ ላስጽፍ መፈለጌን አስረዳኋት። ሣቀችብኝ። ተረቱን እርሷ የሰማችው ከአክስቷ እንደ ሆነ፣ አክስቷ ግን ጅቡን እንዲህ ቂል አድርጋ እንዳልነገረቻት፣ ቂልነቱን የጨመረችው እርሷ ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። «ከጻፍህ የአክስቴን ስም አስቀድም፤ ስለ ቂሉ ጅብ ግን እኔን ጥቀስ» አለችኝ። የአክስቷን ስም ጠይቄ በዚያው በተመለሰው ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍሁት።